መጀመሪያ ይብሳል

ከሽንፋ ከተማ ወዲያ፣ ወንዙን ተሻግራ ያለችውን ጤና ጣቢያ በስሟ አልጠራትም። ብጠራት ሰዎቹ ይታወቃሉ፤ ነገሩ ደግሞ ገና ያልጠገገ ቁስል ነው። ነርሷን ግን ስመኝ እንበላት። አገሩ ሁሉ "ሲስተር" ነው የሚላት፤ ሽማግሌውም፣ ሚሊሻውም፣ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛም።

ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ስትሰሙ ትፈርዱባታላችሁና። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ቆላ ወባውን፣ ካላዛሩን፣ ማጭድ የበላውን ጣት ስታክም ኖራለች። አምቡላንስ ሲጠፋ ምጥ የያዛትን ሴት በትራክተር ተጎታች ላይ ደግፋ ሽንፋ ድረስ የወሰደች ሴት ናት። ባሏ ጥሏት ሲሄድ እንኳ አንድ ቀን ከሥራ አልቀረችም። እንግዲህ የዋሸችው እንዲህ ያለችው ሴት ናት።

የዋሸችው በልጇ ምክንያት ነው። ሀኒ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከአራስነቷ ጀምሮ ችፌ የያዛት ልጅ ናት። የክርኗ መታጠፊያና ቋንጃዋ ይቀላል፣ ይሰነጠቃል፤ ስታክ አድራ ጠዋት አንሶላዋ ደም ነክቶት ይገኛል። ችፌው ረገብ ሲልላት ደግሞ ደረቷ ይነሳል። አስም። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ደርቆ መራገፍ ሲጀምር፣ አቧራውና ገለባው አገር ምድሩን ሲያለብሰው፣ ሀኒ ቁጭ ብላ ትከሻዋን ወደ ላይ እየሰበቀች አየር ትለምናለች። ልጁ አየር ሲለምን ያየ ወላጅ ያውቀዋል፤ ያላየም አይየው።

መድኃኒት አለው። ሰው ሁሉ "ፓፍ" የሚለው፣ ወደ አፍ የሚነፋው ትንሽ ሰማያዊ ዕቃ። ዘንድሮ ግን ፓፍ የት ተገኝቶ? የጎንደር መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ከሱዳን በገላባት በኩል ይገባ የነበረውም ካርቱም ከነደደች ወዲህ ተቋርጧል። ጤና ጣቢያው ውስጥ የቀረው አንድ ፓፍ ብቻ ነበር። ስመኝ አንድ ቀን ከመደርደሪያው አነሳችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ቦርሳዋንም ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓፍ ለሚጠይቃት ሁሉ መልሷ አንድ ሆነ። "የለም" ትላለች።

አንድ ፓፍ ሁለት መቶ ጊዜ ይነፋል። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ያቺው አንዲት ፓፍ እንዳታልቅባት ስትፈራ፣ የሚቆጥብላትን ነገር ስትፈልግ፣ በነሐሴ መተማ ዮሐንስ ወርዳ ሩፊዳን አገኘች። ሩፊዳ ከካርቱም የተሰደደች ደርባባ ሴት ናት። ባሏ ህንድ ሀገር ሄዶ የተማረ፣ ከማዕድንና ከቅጠል በቀጠነ መድኃኒት የሚያክም ሐኪም ነበር። መድፍ ቤታቸውን ሲመታው እሱ እዚያው ቀረ፤ እሷ ትንንሾቹን ጠርሙሶች በምትከናነበው ቶብ ጠቅልላ ወጣች። አሁን በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ አንድ ሳጥን ላይ ደርድራቸው ትኖራለች። አማርኛዋ የድንበር አማርኛ ነው፤ ያልሞላላትን በዓረብኛ ትሞላዋለች።

ከአንዱ ጠርሙስ ስኳር የመሰሉ ነጫጭ ፍሬዎች እያሳየቻት "ሥሩ ኪብሪት ነው" አለቻት። "እናንተ ዲን የምትሉት፣ ከመሬት የሚወጣው ቢጫ። ለቆዳና ለደረት ነው። ይቀጥናል፣ ይናጣል፤ እንደገና ይቀጥናል፣ እንደገና ይናጣል። መጨረሻ ላይ ዲኑ የለም። ኃይሉ ብቻ ይቀራል።"

ስመኝ ሳቀች። "የለም የምትይኝን ነገር ነው እንዴ የምትሰጪኝ?"

"ወላሂ፣ እኔም ባሌን እንደዚህ ብዬ ስቄበታለሁ" አለች ሩፊዳ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። "ስሚኝ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። በእጅሽ አትንኪው። ሦስት ፍሬ ምላሷ ሥር። መጀመሪያ ይብሳል፣ ያን ጊዜ አትደንግጪ፣ በሽታው እየወጣ ነው። የሐኪም መድኃኒት አታቁሚ፤ ትንፋሽ ቀጠሮ አይጠብቅም። የገበያውን ዲን ደግሞ እንዳትነኪ። እሱ የከብት ነው። ለደረት መርዝ ነው። ኻላስ።"

ስመኝ ነርስ ናት፤ እንዲያ ከቀጠነ በኋላ ፍሬው ውስጥ ከስኳር በቀር ምንም እንደማይተርፍ ልቧ ያውቃል። ወሰደችው እንጂ! ለሀኒም ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ፍሬ ምላሷ ሥር ታደርግላት ጀመር። ሀኒ ነሐሴንና መስከረምን እፎይ ብላ ከረመች። ችፌዋ ጠገገ፣ ደረቷ ዝም አለ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሀኒ ነሐሴና መስከረም ሁልጊዜም ደህና ናት፤ ዝናቡ አቧራውን ያስተኛዋል። ይህንንም ስመኝ ታውቃለች። እናት ግን የምታውቀውን ሁሉ አትሰማም።

ጥቅምት አልፎ ኅዳር ገባ። ሰሊጡ መራገፍ ጀመረ። አቧራው ተነሳ።

ባየልኝ የሚባል ገበሬ አለ፤ አባቱ ከበለሳ ወርዶ ያንን ዱር የመነጠረ፣ እሱም ሰሊጥና ማሽላ እያረሰ ሃምሳውን ያለፈ ሰው። ሚስቱ ፈንቴ የአስም በሽተኛ ናት፤ ቆዳዋም እንደ ሀኒ ነው፣ እጇ ተሰነጣጥቆ ሊጥ መንካት ያቅታታል። ባየልኝ በዚያ ወር ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ ከማሳው መጥቶ በመስኮቱ በኩል ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

"ሲስተርዬ፣ ዛሬስ?"

"የለም፣ ጋሽ ባየልኝ። አልመጣም።"

"አንዲትም? ኧረ አንዲት አሮጌ እንኳ? ትናንትና እኮ ቁጭ እንዳለች ነው የነጋላት።"

"ቢኖረኝ እከለክልዎታለሁ?" አለች። ወይ አፍ! ቦርሳው ከጀርባዋ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ አንድ ክንድ አይርቅም።

በዚህ መካከል ሀኒ ከትምህርት ቤት ለእረፍት ወጥታ እየሳለች መጣች። ስመኝ ከኪሷ ጠርሙሷን አወጣች፣ በክዳኑ ሦስት ፍሬ ቆጥራ ምላሷ ሥር አደረገችላት። ሀኒ ፍሬውን እየመጠጠች ሄደች። ባየልኝ አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ ሁሉንም አየ።

"እሱስ ምንድን ነው?"

ስመኝ ፊቷ ጋለ። ነርስ ሆና የስኳር ፍሬ ለልጇ ስትሰጥ መታየቷ አሳፈራት። "ከሱዳን የመጣ ነው። ከዲን የሚሠራ" አለች።

"ዲን? ይሄ እኛ እከክ የያዛትን ፍየል በሰሊጥ ዘይት ለውሰን የምንቀባው?"

"እ... አዎ፣ መነሻው እሱ ነው።"

"ለደረትም ይሆናል?"

"ለቆዳም ለደረትም ነው ይላሉ። ለሷ ተስማምቷታል። መጀመሪያ ይብሳል፣ ከዚያ ይለቃል።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። "እርስዎ ግን የፍየሉን ዲን እንዳይነኩት" ማለት ነበረባት። ስድስት ቃል አይሞላም። ባየልኝ ሲያስብ፣ ዓይኑ ሲበራ አየችው። ቃሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ወዲያው ግን እግሩን ማጭድ የቆረጠው የቀን ሠራተኛ ጓደኞቹ ተሸክመውት በበሩ ገቡ፤ ደሙ መሬቱን አለበሰው። እሷም ዞረች። ሰበቧ ይህ ነው። ከሰበቧ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ ሰውዬው ፓፍ መጠየቁን በመተዉ ደስ ብሏት ነበር። ይህን ኋላ ራሷ ነግራኛለች፣ እኔ አልጨመርኩባትም።

"እድሜ ይስጥሽ ሲስተርዬ! ልጅሽን ያሳድግልሽ!" አለ ባየልኝ ባርኔጣውን እየደፋ። ሲሄድ እየሮጠ ነበር ማለት ይቻላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያ ቃል ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ትራክተር እያጓራ ግቢው ውስጥ ገባ። ተጎታቹ ላይ ባየልኝ ፈንቴን አቅፎ ተቀምጧል። ከሰዎቹ ቀድሞ የደረሰው ሽታው ነው። አፍንጫ የሚቆረጥም፣ አንድ ሙሉ ፓኮ ክብሪት ባንዴ የተጫረ የሚያስመስል ሽታ። ስመኝ ሽታውን እንደሰማች ወደ ተጎታቹ ሮጠች። ማንም ሳይነግራት ነገሩ ሁሉ ገባት።

"ምን አደረጋችኋቸው?"

"አንቺ እንዳልሽው ነው ያደረግነው" አለ ባየልኝ።

አልጋ ላይ አስተኟት። የፈንቴ ከንፈር ጠቁሯል፣ ዓይኗ ተገልብጧል፣ የአንገቷ ጅማት በየትንፋሹ ይገተራል። ስመኝ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ፉጨት የለም። ፉጨት ያለው አስም አየር እያለፈ ነው ማለት ነው፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። የፈንቴ ደረት ዝም ብሏል። ጤና ጣቢያው ያለውን መርፌ ወጋቻት፣ ደግፋ አስቀመጠቻት፣ መስኮቱን ከፈተች። ለውጥ የለም።

የሚቀረው ምስማሩ ላይ ያለው ቦርሳ ነው።

ሰው እየሞተ የሚያመነታ አለ? አለ እንጂ። ስመኝ አመነታች። ቦርሳውን ብትከፍተው ባየልኝ ያያል። ዘበኛው ዘመነ በሩ ላይ ቆሟል፣ እሱም ያያል፤ ዘመነ ያየውን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሽንፋ ገበያ ይሰማዋል። ፓፉ ካለቀ ሀኒስ? ነገ ሀኒ እንዲህ ብትሆንስ? ፈንቴ አንድ ጊዜ ተነፈሰች። ስመኝ ቆማለች። ሁለተኛውን ለመተንፈስ ታገለች። ስመኝ አሁንም ቆማለች። ሦስተኛው ሳይመጣ ሲቀር ግን "ወይ አምላኬ!" ብላ በሩን ገፋ አድርጋ ቦርሳዋን አወረደች።

ፓፉን አወጣች። የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ ቂጡን በመቀስ ቀድዳ ፓፉን ሰካችበት፤ መድኃኒቱ አየር ላይ እንዳይባክን እንዲህ ነው የሚደረገው። አፉን ለፈንቴ አጎረሰቻት። "ይሳቡ እትዬ ፈንቴ፣ ይሳቡልኝ! በእናትዎ!" ጫነች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጠበቀች። እንደገና አራት። በስምንተኛው ላይ ከፈንቴ ደረት ውስጥ ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ስመኝ በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምታ አታውቅም። እንደገና ጫነች።

ባየልኝ ግድግዳውን ተደግፎ ያችን ሰማያዊ ዕቃ ያያል። ሚስቱ ዓይኗን ስትገልጥ ዕልል ይላል፣ መሬት ይስማል ብለው በሩ ላይ የጠበቁ ነበሩ። እሱ ግን ዓይኑን ከፓፉ ላይ አላነሳም።

"ነበረ እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ።

ስመኝ አንገቷን ደፍታ መጫኗን ቀጠለች።

ፈንቴ ወደ ሽንፋ ለመሄድ እስክትበቃ ጊዜ ያስፈልግ ነበርና ትራክተሩ ቆሞ ጠበቀ። ግቢው በሰው ሞልቷል። ዘመነ ዘበኛው ከትራክተሩ ሹፌር ሰምቶ መካከላቸው ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። "ሚስቱን በዲን ጭስ አፍኖ! ይህማ ወንጀል ነው፣ ፖሊስ ይጠራ!" ይላል። አንዱ ሚሊሻም "እውነቱን ነው፣ ሰውዬው ከዚህ አይንቀሳቀስ" አለ።

ባየልኝ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"ይጠራ" አለ። "እኔ ነኝ። ጉድጓዱ ጓሯችን ያለ ነው፤ የሱዳን ሴቶች አስተምረዋት ወገቧን ሲያማት ብርድ ልብስ ተከናንባ ጭስ የምትሞቅበት። ፍሙን አደረግኩ፤ የፍየሎቹን ዲን አንድ እፍኝ በተንኩበት። ሰማያዊ ነበልባል አወጣ። አስቀመጥኳትና ሸፈንኳት። ወዲያው ማሳል ጀመረች። 'ባየልኝ አውጣኝ' አለችኝ። 'ቻይው፣ መጀመሪያ ይብሳል ብላለች ሲስተር' አልኳት። ብርድ ልብሱን ልትገፈው ታገለች። ጫፍና ጫፉን ረገጥኩት።" በክንዱ ዓይኑን ጠረገ። "እያለቀስኩ ነው የያዝኳት። ዝም ስትል ጊዜማ፣ ተመስገን፣ ለቀቃት አልኩ።"

ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት ደረቷን መታች።

"ሲስተር ግን ምን አጠፋች" አለ ባየልኝ። "የሷ ደህና ዲን ነው። ያልገባኝ እኔ ነኝ። እኔ ደንቆሮው።"

ስመኝ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ልብ በሉ፣ ዝም ብትል ያልፍ ነበር። ሰውዬው ሸክሙን ወዶ ተሸክሟል፤ እሷ መጨመርም መቀነስም አይጠበቅባትም። ለፓፉም "ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰልኝ" ብትል ማን ይጠይቃት? ነርስ ናት፣ ትታመናለች። ዘመነ እንኳ አልጠረጠረም፤ ወሬ የማያመልጠው ዘመነ!

"ፖሊስ ለሱ አትጥሩ" አለች። ከበሩ ወጣ ብላ ደገመችው። "እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ፍሬው ሌላ ነው፣ የፍየሉ ዲን ሌላ ነው። የፍየሉ ለደረት መርዝ እንደሆነ የሰጠችኝ ሴት አስጠንቅቃኛለች። ለሳቸው ሳልናገር ቀረሁ። ፓፍም... ፓፍም ነበረ። ሦስት ወር ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ለልጄ ብዬ ነው። የለም ያልኳችሁ ሁሉ ውሸት ነው።"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማንም አልሰደባትም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ባየልኝ ከደረጃው ተነሳ። አጠገቧ ደርሶ ፊት ለፊቷ ቆመ፤ ሊመታት ነው ብሎ ሚሊሻው ጠጋ አለ። ባየልኝ እጁን ዘረጋ። ስመኝ ፓፉን መዳፉ ላይ አደረገችለት። እሱም ይዞት ወደ ሚስቱ ገባ።

ፈንቴ ሽንፋ አራት ቀን ተኝታ ተመለሰች። ድምጿ ሻክሮ ቀርቷል፤ እንደ ድሮው ልጆች ከሩቅ መጥራት አትችልም። ስመኝን አለቆቿ ጠርተው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጧት። ፈርማ ተቀበለች። ሥራዋን አልለቀቀችም፤ ትልቀቅ ቢባልስ በዚያ ቆላ ማን ይተካታል? ሰዉ መምጣቱን አልተወም። "ሲስተር" ማለቱንም አልተወም። አንድ ነገር ግን ተለወጠ። መድኃኒት ጠይቀዋት "የለም" ስትል፣ ወባም ይሁን የሆድ መድኃኒት፣ ዓይናቸው ከሷ አልፎ ከበሩ ኋላ ወዳለው ምስማር ይሄዳል። እንዳያስታውቁባት ፈጥነው ይመልሱታል፤ እሷ ግን ታየዋለች። ምስማሩን በጉጠት ነቀለችው። ቀዳዳውን ማየታቸው አልቀረም።

አዲስ ፓፍ አልመጣም።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አንድ እሑድ፣ ከቀትር በኋላ፣ ንፋሱ ከማሳዎቹ በኩል ዞረ። የተራገፈው ሰሊጥ ገለባ እንደ ጉም ሰፈሩን ሸፈነው። ሀኒ በር ላይ ከጓደኞቿ ጋር ጠጠር እየተጫወተች ነበር። መጀመሪያ ጠጠሩን ጣለች። ከዚያ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ጎንበስ አለች። ስመኝ ስትደርስ የልጅቱ ትከሻ ወደ ጆሮዋ እየወጣ ይወርዳል።

"እማ..." አለች ሀኒ፤ ቀሪው አልወጣላትም።

ስመኝ ሮጣ ቦርሳዋን ከፈተች። እጇን የገጠመው የሩፊዳ ጠርሙስ ነው። ከፈተችው፣ በክዳኑ ሦስት ፍሬ አደረገች። ወደ ልጇ አፍ ስታቀርበው የባየልኝ እግር ብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ ታያት። ፍሬዎቹን መሬት ላይ በተነቻቸው። ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ያውም የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በባዶ እግሯ መንገድ ወጣች። የመጀመሪያው ባጃጅ ቆመላት።

"ባየልኝ ቤት!" አለች። "ድረስልኝ ወንድሜ!"

ባየልኝ ግቢ አጠገብ ሰፊ ሸራ ተነጥፏል። ስድስት ሠራተኞች የሰሊጥ ነዶ ገልብጠው እየመቱ ያራግፋሉ፤ አቧራው እስከ ጣሪያው ደርሷል። ባጃጁ ሲቆም ባየልኝ ዞር አለ። ስመኝን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰላም ብሏት አያውቅም፤ መንገድ ላይ ሲያያት ማዶ ይሻገራል። አሁንም ጀርባውን ሊሰጣት ግማሽ ዞሯል። የልጅቱ ትንፋሽ ያን ጊዜ ጆሮው ገባ። ያንን ድምፅ እሱ ያውቀዋል። ሃያ ዓመት አጠገቡ ሲተኛ የኖረ ድምፅ ነው።

"አቁሙ!" ብሎ ጮኸ ወደ ሠራተኞቹ። "አትምቱ! ነዶውን መሬት አድርጉ! አቧራውን አቁሙ ብያለሁ!"

ሠራተኞቹ ነዷቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ።

ስመኝ ልጇን አዝላ ወደ ቤቱ ገባች። ፈንቴ መደብ ላይ ተቀምጣ ሰሊጥ ታበጥራለች፤ አፍንጫዋን በነጠላ አስራዋለች። ፓፏን በማተቧ ክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፣ ከመስቀሏ ጎን። ስመኝ መደቡ ሥር ተንበረከከች።

"እትዬ ፈንቴ፣ አፈር ልሁንልዎ። ለርስዎ ምን ፊት አለኝ፤ ይህንን እንኳ መጠየቅ አይገባኝም ነበር። ልጄ ናት። ፓፉ እንደው ጥቂት ተርፎዎት እንደሆነ..."

"አለ" አለች ፈንቴ።

ስመኝ ቀና ብላ አየቻት።

"አለ፣ ሲስተር። ምን ትንበረከኪያለሽ፣ ልጅቱን አውርጃት እንጂ!" ማተቧን በጭንቅላቷ በኩል ልታወልቅ ሳበች። ክሩ ጸጉሯ ላይ ሲያዝባት ጎትታ በጠሰችው። በዚያች በሻከረች ድምፅ "ነይ የኔ ልጅ፣ አፍሽን ክፈቺ" አለቻት ለሀኒ። ጠርሙሱን ራሷ አዘጋጅታ አስቀምጣዋለች፤ ስመኝ ያኔ በመቀስ የቀደደችው ያው ጠርሙስ ነው። "እኔን እንዳልሽኝ ነው እንግዲህ። ሳቢው።"

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ስመኝ ልትቆጥር ሞክራ አልቻለችም፤ የቆጠረችው ፈንቴ ናት። ጠበቁ። እንደገና አራት። የሀኒ ትከሻ ቀስ እያለ ወረደ። ቀለሟ ተመለሰ። ስመኝ ፊቷን የፈንቴ ጉልበት ላይ ደፍታ እንደ ልጅ አለቀሰች፤ ፈንቴም ያንን የተሰነጣጠቀ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈችው። ይቅር አልኩሽ አላለቻትም፣ አላልኩሽምም አላለቻትም።

ባየልኝ አልገባም። ደጅ እንደቆመ ነበር፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ። ሠራተኞቹ ቆመው መጠበቅ ሰልችቷቸዋል፤ ፀሐይዋም እየዘቀዘቀች ነው። አንደኛው ነዶውን አንስቶ "ጋሼ፣ እንቀጥል እንዴ?" አለው።

"ልጅቱ ትሂድ መጀመሪያ" አለ ባየልኝ።